ሐይቁ ውስጥ የቆመው ሰው

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ
የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

«ጋሼ፣ ባልቻን አንተ ጋ ደብቀህ እኛን ስታስለቅስ ከረምክ። በላክኸው ፎቶ ላይ ሐይቁ ውስጥ ቆሞ አይተነዋል። ካልመለስከው እማማን ይዤ በሞያሌ በኩል እመጣለሁ።»

ይህ ያንቺው ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ለእህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ንዴቴን ጤና ካልሽው ደኅና ነኝ።

ወንድሜን ከእናቴ የምደብቅ ሰው ነኝ? የቀበሌ ሰዎች ከቤት ከወሰዱት ጀምሮ ደጅ ያልጠናሁበት ቢሮ የለም። ይህን ታውቂያለሽ፤ አውቀሽ ነው የጻፍሽው።

ፎቶግራፉን ያነሳሁት ኬንያ ተራራ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ነው። የበጋው ሰማይ ጠርቶ፣ ፀሐይ ገብታ ከዋክብት ወጥተው፣ ብርሃኑ ግን ጨርሶ አልሄደም ነበር። አብሮኝ የወጣው ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግደው ሙዘሚል ብቻ ነው። ከኋላዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ «ዶክተር፣ እኛ ሸሽተን የመጣነውን ጨለማ እርስዎ ደሞ ቆመው ፎቶ ያነሱታል!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፊልሙን አውጥቼ ፎቶውን እንደገና አጠብኩት። እውነትሽን ነው፤ ሰው አለ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል፤ ልክ እንደ ባልቻ። ለሙዘሚል ሳሳየው ሳቁ ጠፋ። «ወላሂ፣ እኛ እያለን ውሃው ባዶ ነበር» ብሎ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ፤ አስቢ። የካሜራው ዓይን ሩብ ሰዓት ያህል ክፍት ነበር። ከዋክብቱ ተጉዘው መስመር ሆነዋል። ሣሩን ነፋስ አደብዝዞታል። ሕይወት ያለው ሰው ያን ያህል ቢቆም ይተነፍሳል፣ ይወዛወዛል፣ ፎቶው ላይ እንደ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው። እሱ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

ይህን ደግመሽ አንብቢው።

ስለዚህ እዚህ መጥተሽ የምታገኚው ሰው የለም። አሮጊት ይዘሽ በዚያ በረሃ አትግቢ። በሞያሌ ሲያልፉ የተያዙ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ሙዘሚል በየሳምንቱ ይሰማል።

ይህን ወረቀት የሰጠሽ ካሣሁን አየር መንገድ የሚሠራ ወዳጄ ነው። ከእስር ከወጣ አንድ ሰው ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ የነገረኝን እዚህ ላይ አላሰፍርም። ገና ጎህ ሲቀድ ጎረቤታችንን እትዬ ጌጤንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ ለምን እንደመጣ አልጠየቅሽው ይሆናል። ተቀምጠው የሚጠብቁት አንብበሽ እስክትጨርሺ ነው። ስትጨርሺ ቀና ብለሽ እያቸው። እማማን በግራና በቀኝ ይያዟት።

ፈጣሪ ለሁለታችሁም ብርታቱን ያውርድላችሁ። እንደማትመጪ፣ እማማም እንዴት እንደዋለች እስከ መጋቢት ፲፭ ቀን በጽሑፍ መልሺልኝ። በሰው አፍ የተላከ መልስ አልቀበልም፤ በራስሽ እጅ ጻፊው።

የቀረሽ አንድ ወንድምሽ