የሳሎናቸውን ወለል ሳይጨርሱ የሄዱት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ይህንንም የጻፍኩት ሌላው ሁሉ «አንቺ ትችይዋለሽ» ብሎ ስለሸሸ ነው። አባታችን አበባ ያለበት ጨርቅ ሲቆርጡ አበባውን ከአበባው ለማጋጠም ሲለፉ፣ ወንድማችን አጠገባቸው ተቀምጠው «አበባው ባይደገምስ?» እያሉ ሥራ ያስፈቱ ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አጥንተው ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጡረታቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። አንዴ ያስረዱትን መልሰው ስለማያስረዱ ተማሪዎቻቸው «አይደገሜ» ይሏቸው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ጣጣው የመጣው በጡረታቸው ነው። ባለቤታቸው የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ ይልበስልኝ ብለው ለመኑ። ሌላ ባል ቢሆን ግንበኛ ይጠራል። ወንድማችን ግን ሴራሚኩን በሁለት ዓይነት ቅርጽ አስቆረጡት፤ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ያለ፣ ወደ ጎን የተገፋ ካሬ የሚመስል። እነዚህ ሁለቱ በጠርዛቸው ያለው ምልክት እየተገናኘ ከተነጠፉ ምድርን ሁሉ ያለብሳሉ፤ ንድፉ ግን የትም ቦታ ተመልሶ እንደ አዲስ አይጀምርም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ያስረዱ ነበር፤ እንግዳውም የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሞ ይሰማቸው ነበር፤ ወንበሮቹ ሁሉ ግቢ ወጥተው ነበርና።

ችግሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሴራሚክ ከጎረቤቱ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ጥቂት እንደሄዱ ግን ሁለቱም ቅርጾች የማይገቡበት ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ስህተቱ የት እንደተጀመረ አይታወቅም። ስለዚህ ወንድማችን መሮ ይዘው እስከ ግማሽ ሳሎን ድረስ ይነቅላሉ፤ እንደገና ይነጥፋሉ፤ እንደገና ባዶ ቦታ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ትልቋ ልጃቸው የተዳረችው ግማሹ በተነቀለ ወለል ላይ ነው። ባለቤታቸው «ሲሚንቶ ሙላበትና ሰው እንምሰል» ሲሏቸው፣ «ሲሚንቶማ ውሸት ነው» ይሉ ነበር። እኔም ስንቴ ለምኛቸዋለሁ፤ ድንጋይ ቢሆን ይሰማኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። መንበርከክ ሲያቅታቸው ወንበር ላይ ሆነው በከዘራ እያሳዩ፣ ባለቤታቸው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እያጉረመረሙ ነጠፉላቸው። ሁሉም ሞላ፤ ከበሩ ሥር አንድ ቦታ ብቻ እንቢ አለ። እንደ ልማዳቸው «ንቀሉት» ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ወንድማችን ባለቤታቸውን አይተው «በቅርቡ እዚህ ቤት ሰው ይበዛል፤ እንዳይደናቀፍ ግንበኛውን ጥሩና በሲሚንቶ ይሙላው» አሉ። ያኔ ሐኪም ሳይነግረን አወቅን። ግንበኛው መጣ። ይህን ቀን ሲለምኑ የኖሩት ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «ተነሥቶ ራሱ ይጨርሰዋል፤ ማን ንካ አለህ?» ብለው መለሱት።

ወንድማችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን እህታቸውን ትተውናል። ከቀብር በኋላ ወደ ቤት የምትመጡ ወዳጆች በሩ ላይ እግራችሁን እያያችሁ ግቡ፤ ባለቤታቸው ዛሬም አላስነካ ብለዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ለእኛም ትዕግሥቱን ይስጠን፤ የነበረንን እሳቸው ጨርሰውታል፤ አሁን ደግሞ እሳቸው የሉም።