ቀድሞ ጃምዬ የለበሰ በር አይከፍትም

ሆሲዬ፣

ከመዘምራን ልምምድ ስትመለሺ ቤቱን ተዝረክርኮ ብታገኚው እንዳትጮሂ። ወደ ቤቴል፣ አባዬ ቤት እየበረርኩ ነው!

ሽማግሌዎቹ መጡ! አዎ፣ ኢብራር እኔን ሊያስጠይቅ የላካቸው ሽማግሌዎች። ግን አባዬ ቤት ሳይሆን እዚህ፣ እኛ ቤት! ኢብራር ሆዬ ሎኬሽን ሲልክላቸው ተሳስቶ የእኛን ላከላቸው። በሩ ሲንኳኳ አንቺ ቁልፍ ረስተሽ የተመለስሽ መስሎኝ ከፈትኩ። ኮፍያ ያደረጉ ሦስት አዛውንቶች! እኔ ደግሞ ከነጃምዬዬ፣ የተሳለባት ጥንቸል ደረቴ ላይ ጆሮዋን አንጠልጥላ። ደንግጬ ምን ብል ጥሩ ነው? የቤታችንን ሕግ! «ቀድሞ ጃምዬ የለበሰ በር አይከፍትም!» ብዬ ዘጋሁባቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ከውጭ ሆነው «ልጄ፣ ጃምዬ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ፒጃማ» ብዬ ለመመለስ ስሞክር በሳቅ ፍርስ አልኩ።

ትክክለኛውን አድራሻ በበሩ ነግሬ ሸኘኋቸው፤ አሁን ቀድሜያቸው አባዬ ቤት መድረስ አለብኝ።

ወጡ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው። ውሃ ከመጣ ባልዲዎቹን ሙዪ።

እና... ባለ ጥንቸሏ ጃምዬ ያንቺው ናት። ከገመድ ላይ ተሰረቀች ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አልጋሽ ላይ አጥፌልሻለሁ።

ላገባ ነው ካልኩሽ ወዲህ አንዴም እንኳን ደስ አለሽ አላልሽኝም። ይሁን።

ከኒካው በኋላ ጃምዬ ለብሰሽም ቢሆን በር የምትከፍቺው ራስሽ ነሽ።
እኔ ስመጣ ግን እንዳትነሺ። ቁልፌን አልመልስም።

ፈትያ