ስለ 1,312 ቢጫ መስመሮችና ስለ አንዲቷ

ለተከበሩ የግራፊክስ ድራይቨራችን ዋና ኮድ ጠባቂ፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በተለይም ስክሪኑን ቁልቁል የምትነዳው የቀኝ እጅዎ ጣት እንዴት እንደሰነበተች እጠይቃለሁ። ኮዳችን በተገነባ ቁጥር ኮዱን አንብቦ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር በቢጫ የሚደረድረውን ማስጠንቀቂያ ሳይነበብ ለማሳለፍ ይህች ጣት ለዓመታት ያየችውን ድካም እኔ ካልመሰከርኩላት ማን ይመሰክርላታል?

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ የኮምፒውተሩን ምስል ወደ ስክሪን በሚያወጣው፣ ማንም አይቶ እርማት ሊያቀርብበት በሚችለው በዚህ ሶፍትዌር ላይ ከመደበኛ ሥራዬ በኋላ በፈቃደኝነት የምሠራና፣ ከአራት ወር በፊት ከንቱ ማስጠንቀቂያዎቹን የሚያስወግድ ማስተካከያ የላክሁልዎ ሰው ነኝ። «የውበት ሥራ ነው፤ ይቆይ» ሲሉ ለሰጡኝ ባለ አራት ቃል መልስ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ አራተኛዋን ቃል እንደ ስጦታ ቆጥሬያታለሁ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር የማስቀምጠው ለጊዜዎ ስለምሳሳ ነው።

1. ማስጠንቀቂያዎቹ በጠቅላላው 1,313 ነበሩ። ከእነዚህ 1,312ቱ በእርግጥ የረባ ነገር አይናገሩም፤ «ይህ ስም ወጥቶለት ሥራ አልተሰጠውም» እያሉ እንደ ሥራ ፈት ጎረቤት ሲያወሩ ይውላሉ። ለአዲስ ገቢዎች ያዘጋጁት መመሪያም በሦስተኛው ተራ ላይ «ቢጫው ጽሑፍ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ» ይላል። ስንቱን ከድንጋጤ አድነውታል።

2. ከንቱዎቹን ለቅሜ ስጨርስ አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷ ግን የምትናገረው ቁም ነገር ነበር። የስክሪኑ ስፋት የሚቀመጥበት ቦታ ቁጥር ሳይሞላበት ይነበባል፤ በዚህም ምክንያት ስክሪኑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጨልማል። ምስኪኗ ለዓመታት በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ስትጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለናታል።

3. የሕንፃ ንድፍ የምትሠራ ታላቅ እህት አለችኝ። «እመኚኝ» ብዬ ይህን ድራይቨር በኮምፒውተሯ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር የአንድ ክሊኒክ ደረጃ እየሳለች ሳለ ስክሪኑ ጨለመ፤ ፋይሉም አብሮ ተበላሸ። «እመኚኝ ያልከኝ ነገር ሁለት ቀኔን በላው» አለችኝ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው በእጄ አስተካከልኩላት፤ ነገር ግን አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ጥገናዬን አጥፍቶ ጨለማውን ይመልስላታል። ቀጣዩ እትም የሚወጣው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ እሷ ንድፏን የምታስረክበው ዓርብ ነው። እውነቱን ልናገርና ፈርቻለሁ። ሥራዋ ዳግመኛ ከጠፋ ወደ እርሳስና ወረቀት እንደምትመለስ ነግራኛለች፤ እኔን ግን ዳግመኛ እንደማታምነኝ ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ያችን አንዲት መስመር ጭምር የሚያርመውን ማስተካከያዬን ከሐሙስ በፊት እንዲያጸድቁልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጣትዎም በዚያው የጡረታ መብቷ ይከበርላታል።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና ለዚያች አራተኛ ቃል ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ዘወትር ከበርዎ ሥር ተሰልፌ የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ፣
የቢጫ መስመር ለቃሚው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ፣ ያችን አንዲት መስመር ማን እንደጻፋት ለማጋለጥ ጓጉቼ የኮዱን ታሪክ ወደ ኋላ ገለጥኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍኳት እኔው ነኝ። ከሥሯ «አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው» ብለው ያጸደቋት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ያኔ ለማጽደቅ የፈጀብዎ አራት ወር ሳይሆን አራት ደቂቃ ነበር። በዚያን ዕለት ኮዱን በትክክል ያነበበው ኮምፓይለሩ ብቻ ነው።