መዋኘት ሳትማሪ አትቅዘፊ

የዐይኔ ብርሃን ሚስራ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ፤ ጤና አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶ ውኃ ከጋሪ እየገዛን ነው። ጎረቤታችን ስንቄ በየጠዋቱ «ሚስራ ናጋ ናት?» እያለች ደህንነትሽን ትጠይቃለች።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን መቀመጥ አቅቶኝ ሱቃችን ውስጥ ቆሜ እውላለሁ። እዚያ ባሕር ማዶ ኮሌጃችሁ ከጎረቤቱ ኮሌጅ ጋር በጀልባ መሽቀዳደም ከጀመረ መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ የዚያን ዘመን ተማሪዎች ከውድድሩ በኋላ በቡጢ ይደባደቡ ነበር ብለሽ እንደ ቀልድ ጽፈሻል። ዘንድሮ ደግሞ ከቀዛፊዎቹ አንዷ አንቺ ነሽ። ልጄ፣ አንቺ እኮ መዋኘት አትችዪም።

ወንድሜ፣ አጎትሽ ሙዘሚል በወባ ሞተ ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ገናሌ ወንዝ ዳር ተገናኝተው «ማን ይሻገራል?» ተባባሉ። እሱ «የእኛ ትምህርት ቤት አይፈራም» ብሎ ገባ። እኔ ሸሚዙን ይዤ ከዳር አጨበጭብለት ነበር። መሃል ሲደርስ ውኃው ወሰደው። እናቴ ማጨብጨቤን ሳታውቅ ሞተች።

ውድድሩን ተዪው አልልሽም። አባትሽ ኮርቶብሽ ወሬውን ሻኪሶ ድረስ ይዞት ሄዷል። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዋኘት ሳትማሪ ጀልባው ላይ አትውጪ። ለአሰልጣኝሽ «አልችልም» ማለት ካሳፈረሽ «እናቴ ከልክላኛለች» በይ። ይሳቁብኝ፣ ፈሪዋ እኔ ልሁን።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ትምህርትሽን ይባርክልሽ።

እናትሽ ዘቢባ፣ ከነጌሌ