ከላይኛው ማሳ የሚወርደው ውሃ

ለውድ ወንድሜ ለዓብዱልቃድር፤

የአላህ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ከውርጩ በኋላ ሳሉ ተወህ ወይ? የኡበይዳ እናት ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ጽሕፈቱ ቢንጋደድብህ ታገሠኝ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈችው ልጄ ሱዓድ ነበረች። አምና ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ በሚማሩበት ክፍል፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ፊደል ለየሁ። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

እዚህ አገር በየዓመቱ ጥር ላይ የቤትህን ግምት የሚናገር ወረቀት ይመጣል። በግምቱ ልክ ግብር ይጣልብሃል፤ ከግብሩም ለመንገዱ፣ ለእሳት አደጋው፣ ለወንዙና ለጎርፍ መከላከያው ይወጣል። ዘንድሮ የእኔ ቤት ግምት ከፍ አለ። ሱዓድ አንብባ ስትነግረኝ ተናደድኩ። የእኛ ሰፈር ፓይንሪጅ ከፍታ ላይ ነው፤ በአጠገባችን ወንዝ አያልፍም። ወንዝ ዳር ቤት የሠሩት ይክፈሉ እንጂ የእነሱ ጎርፍ እኔን ምን አገባኝ፣ ተቃውሞ ጻፊልኝ አልኳት።

እሷም ቀና ብላ አየችኝና፣ «ማሚ፣ አንቺ ጣሪያ ላይ የዘነበው የት የሚሄድ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ደግሞ ይሄን ነገር አንዴ አጽፈሽኛል እኮ፤ ለአጎቴ» አለች።

ምን እንዳጻፍኳት አንተ ታውቃለህ። የተፋሰስ ሥራው ወደ ቀበሌያችን መጥቶ ለየአባወራው በመሬቱ ልክ የሥራ ቀን ሲመደብ፣ እርከኑ ከላይኛው ከእኔ ማሳ መጀመር ስላለበት ፈቃዴን ጠየቅኸኝ። እኔም «ለሙን የታችኛውን መሬት የወሰድክ፣ ጎርፉንም አብረህ ውሰድ» አልኩህ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሙሉጌታም መሬቴን ቢነኩ እከሳቸዋለሁ አልኩ። አንተ ግን ይህ የእህቴ ቃል አይደለም፣ ልጅቷ ከራሷ ጨምራ ነው እያልክ ለሰው ሁሉ ተናገርክልኝ። አልጨመረችም፣ ወንድሜ። እንዲያውም አንዱን ቃል አለዝባው ኖሮ አስነብቤ አስቀየርኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንተ ደግነት ተከልዬ ኖርኩ።

ክፍፍሉ ትክክል ነበር አልልህም። አባታችን ሲሞቱ ሴት ናት ተብዬ ድንጋያማው ደረሰኝ፤ አንተም አንድ ቃል አልተነፈስክም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነገር ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ሊፈርድልኝ የሚገባውን ለጎርፍ ሰጠሁት። ጎርፍ ደግሞ መጠን አያውቅም።

እዚህ ታክሲ የሚነዳው የአገራችን ልጅ ሐሰን ባለፈው ክረምት እናንተ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ያየውን ነግሮኛል። ጎርፉ የቆፈረው ቦረቦር ከእኔ ማሳ ሥር ተነሥቶ የጤፍ መሬትህን ለሁለት ከፍሎታል አለኝ። ለሁለት በሬ የሚበቃ ማሳ የለኝም ብለህ አንዱን እንደሸጥከውም ነገረኝ። ይህ ሁሉ ጎርፍ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅህ፣ ከሰማይ ነው ብለኸዋል። ስሜን አላነሣህም። ብታማኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ልቤ ደንድኖ ነበር።

አሁን ሐሰን ለእህቱ ሠርግ ስለሚመጣ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቀበሌው የሚሰጥ ወረቀት ይዞልሃል። እርከኑ በማሳዬ መካከል እንዲያልፍ ፈቅጃለሁ፤ መሬቱን ቢያጠበውም ቅሬታ የለኝም። የሄደው አፈር እንደማይመለስ አውቃለሁ። የቀረው እንዳይከተለው ብዬ ነው።

ለኡበይዳ እናት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በእኔ ምክንያት የጎደለባትን እንጀራ አላህ ይተካላት። ኡበይዳን አላህ ጉልበትህን ያበርታልህ በልልኝ። ልጅህን ሃናንን አክስትሽ ናት የሳመችሽ ብለህ ግንባሯን ሳምልኝ። ጋሽ ሙሉጌታን ጉልበታቸውን ይዘህ ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ሰውዬው ሌላ ምንም አላጠፉም፣ ለአንተ ማሰባቸው ብቻ ነው። ሱዓድም ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

ስልክ ልትደውልልኝ ልብህ ባይፈቅድ አልቀየምህም። በልግ ግን እኔና አንተ እስክንታረቅ አይጠብቅምና፣ እርከኑን ቶሎ ቆፍሩ።

እህትህ ዘይነባ
ካልጋሪ፣ ካናዳ
ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.