አደባባዩን ለቅቀን የምንሄድበት ሰዓት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬም ዘፈኑ እንደ ጀመረ ሁላችንም ተነሥተን አደባባዩን ለቀቅን። ዐሥረኛ ቀናችን ነው። ጣሊያኖች መተማ ገበያ መካከል፣ በኢድሪስ ሻይ ቤት ጣራ ላይ፣ ድምፅ የሚያጎላ ቀንድ ሰቅለዋል። ከዘፈኑ በኋላ አንድ ሰው በአማርኛ ደስተኞች መሆናችንን ይነግረናል። ጎረምሶቹ ሽቦውን እንቁረጥ ቢሉ ከለከልሁ። የፈለገ ይናገር፤ መስማትና አለመስማት የሰሚው ፈንታ ነው። እኛ የምንናገርበት ቀንድ የለንም፤ በአፋችን ብቻ ብንናገርም እስር ቤት አለ። ተነሥቶ መሄድን የሚከለክል አዋጅ ግን ገና አልወጣም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ቈረጥን፦ ቀንዱ ሲናገር አደባባዩ ላይ የቆየ፣ ወይም ከኢድሪስ ቤት ሻይና ስኳር የገዛ፣ ሰባት ቀን ከጎረቤት እሳት አይጫርለትም። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ፣ የቀድሞው የኬላ ጸሓፊ ነኝ።

ኢድሪስ፣ «ጸሓፊ፣ ቀንዱን እኔ አልሰቀልሁት። ባወርደው እኔን ይሰቅሉኛል» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ቅርንፉድ የገባበት ሻዩ ናፍቆኛል፤ ከሻዩም ይልቅ ክርክሩ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፱

ምራቴ ይታይሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ በአደባባዩ ሳልፍ ሰማሁ። አንባቢው ተለውጧል። ድምፁ የአስማማው ነው።»

አስማማው ልጄ ነው፣ ባሏ። ጣሊያን የገባ ዓመት ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ለተዝካሩ እህል ማስቀመጥ ጀምረናል።

«የሙት ስም በከንቱ አታንሺ» ብዬ ተቈጣኋት።

«ሙት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል እንዴ?»

 ልጁ ሳያነብብ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን የመጥረግ ልማድ ነበረው፤ ስንት ጊዜ ገሥጬዋለሁ። ራቴን አልበላሁም። ለእነርሱ ከሚያነብብ ሞቶ ቢሆን ይሻላል ያልሁበት ቅጽበት ነበረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲

ከቤቴ በስተጀርባ፣ ከሰሊጡ ክምር አጠገብ ቆሜ ነፋስ ጠበቅሁ። የሰው ድምፅ መጣ፤ የማን እንደ ሆነ አይለይም። ናፍቆት ጆሮን ያታልላል።

አስገድደውት ይሆን? ታስሮ ይሆን? ይበላል? ድምፁ እኛ ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃል?

ኢድሪስን መንገድ ላይ አገኘሁት። ወሬው ደርሶታል። «በጓሮ በር ይግቡ፤ ማንም አያይም» አለኝ።

«እኔ አያለሁ።»

«እንግዲያው ዐይንዎን ጨፍነው ይግቡ። የሚፈለገው ጆሮዎ ነው።»

ከስንት ቀን በኋላ ሣቅሁ። ግን አልገባሁም።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፩

ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ። ነገ ከኢድሪስ ቤት ገብቼ እሰማለሁ፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ አልሁ። ጎረቤቴ አያ ታከለ፣ «የልጅ ነገር ነው፤ ለእርስዎስ እንለፈው» አለ። እንቢ አልሁ። የእኔ ልጅ ባነበበ ቀን የሚላላ ሕግ፣ መጀመሪያም ሕግ አልነበረም።

«እንግዲያውስ ሰባት ቀን ጥሬ ይቈርጥሙ» አለኝ፤ ዐይኑ ግን አዝኖልኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ከመሄዴ በፊት ይታይሽ ምድጃውን በገዛ እጇ አጠፋች።

ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። ኢድሪስ ሻይ ቀዳልኝ። ዘፈኑ አለቀ። ጉሮሮ ተጠረገ፤ ሁለት ጊዜ።

አስማማው ነው።

ያነበበው ሁሉ ውሸት ነው። በየነጥቡ እንዳስተማርሁት ዐርፎ፣ ቃሉን ሳይውጥ፣ አሳምሮ አነበበው። ምነው በተደናቀፈ አልሁ። አልተደናቀፈም። ሲጨርስ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። ኢድሪስ አንሥቶ ሌላ ቀዳልኝ።

ቤት ስደርስ ይታይሽ ደጃፍ ላይ ነበረች። «እሱ ነው፤ በሕይወት አለ» አልኋት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ቈይታ ተነሣችና ለተዝካሩ ንፍሮ ካስቀመጥነው ሽምብራ ዘግና አመጣች፤ ለእኔ ጥርስ ስትል ከጠዋት በውሃ ዘፍዝፋው ነበር። ጥሬውን ቈረጠምነው። እንዲህ የጣፈጠኝ እህል አላስታውስም።

ነገ ዘፈኑ ሲጀምር እንደ ሰው ሁሉ እነሣለሁ። ጉልበቴ ግን ከዛሬ ጀምሮ ያምመኝ ይዟል፤ ዘፈኑ አልቆ ንባቡ ሳይጀምር አደባባዩን መሻገሬን እንጃ።