አልማዝ በእኔ ቦታ ስትቀመጥ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ውሃዬን እቀዳለሁ፣ እስከ እንጦጦ ማርያም ሳላርፍ እወጣለሁ። የሰው እጅ አላይም።

ዛሬ ለቤተሰብና ለወጣቶች የኑሮ ትምህርት ወደሚሰጥበት አዳራሽ፣ ወደ የካ ወረድኩ። መምህርቷ «ከልጅ ልጅዎ ከአልማዝ ጋር ይምጡ» ብላ ስትልክብኝ ለሽምግልና የተፈለግሁ መስሎኝ ነበር። ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ገባሁ፤ መርቄ ከፊት ተቀመጥኩ። ለካስ ተማሪው እኔ ነኝ! አልማዝ ከቤት ወጥታ ከተማ ሰው ቤት ልትቀጠር እንዳሰበች ለመምህርቷ ነግራታለች። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለችም።

መምህርቷ ቦታ አለዋወጠችን። «አባቴ፣ እርስዎ አልማዝን ይሁኑ፤ አልማዝ እርስዎን ትሁን።»

አልማዝ ከዘራዬን ተቀብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው! እንጨት እፈልጣለሁ! ውሃዬን እቀዳለሁ! የሰው እጅ አላይም!»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ልቆጣ ቀና ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሳልሰናበት ወጣሁ።

ዳገቱ ላይ ደረሰችብኝና፣ «አባባ፣ ታዲያ እኔ እቤት ለምን እቀመጣለሁ?» አለችኝ።

ግራ ገባኝ። እኔ እንደዚያ የምለው እኮ እሷ እንዳትጨነቅ፣ ሸክም እንዳልሆንባት ብዬ ነው። እንዴት ሂጂ ያልኳት መሰላት?

ማታ ዕዳዬን ቆጠርኩ። ለጎረቤቴ ለበዳዳ፣ ገብሴን አብሮኝ ስላጨደ፣ አንድ ቀን አጨዳ አለብኝ። ለመምህርቷ ይቅርታ። ለአልማዝ መልስ። አያቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር አፍ ትሆነኝ ነበር። አሁን ግን ይህንንም ራሴ ነኝ የምከፍለው።